ከገበያ መሀል ያሳለፍነው ድንጋይ

ዲላ ውስጥ ስለኔ ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳፍረኝም እውነቱ ነው። «ያ ጣውላ ሰንጣቂ ሽማግሌ ጠጠር ያበጥራል» ይላሉ። አበጥራለሁ። «ድንጋይ በቃሬዛ ጭኖ ከተማውን አስለቀሰ» ይላሉ። አስለቅሻለሁ። «ሚስቱን በቁሟ ሊቀብራት ነበር» የሚሉት ግን ውሸት ነው። እሱን የጨመሩት ከእድር ተጣልተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት በጥቂቱ ነው፤ ዕድሜ ልኬን መጋዝ ስስብ ስለኖርኩ ብዕር ስይዝም እጄ ወዲያና ወዲህ ሊስበው ይቃጣዋል። ቢሆንም ሰው የገዛ ወሬውን ለሌላ ሰው አፍ ትቶ መሞት የለበትም።

ነገሩ የሚነሳው ከልጄ ከታደሰ ነው። ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ኮሪያ ከዘመቱት አንዱ ነው። ከዘመቻ የመጣ ሰው ስለ ተኩስ ያወራል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ፣ ስለ ተኩሱ ትንፍሽ አላለም። የሚያወራው ለዕረፍት ጃፓን ወስደዋቸው ሳለ ስላየው ጓሮ ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ሽማግሌ ጓሮው ውስጥ ጠጠር አንጥፎ ሲያበጥር አየሁ» አለኝ።

«ምን ሊዘራበት?»

«ምንም አይዘራበትም።»

«ቡና ሊያሰጣበት ነዋ።»

«አይደለም። ዝም ብሎ ያበጥረዋል። እንደ ውሃ ሞገድ መስመር መስመር ያወጣለታል። መሀሉ ላይ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ሽበቱን አይፍቁትም፤ ይሳሱለታል። ሽማግሌው አበጥሮ ሲጨርስ ቁጭ ብሎ ያየዋል።»

«አይቶስ?»

«በቃ፤ ያያል።»

«የጠገበ አገር!» አልኩት።

«ኧረ አልጠገቡም አባዬ። ከተማቸው በቦምብ ነዶ አመዱ ገና አልተጠረገም ነበር። ሽማግሌው ልቡን የሚያሳርፍበት ነው አሉን።»

እኔ የመጋዝ ሰው ነኝ። ዛፍ ሳይ ጣውላ፣ ድንጋይ ሳይ የቤት መሠረት እንጂ ሌላ ነገር አይታየኝም። ሳቅሁበት፤ እሱም ሳቀ። በኋላ ሹፌር ሆነና የዱመርሶን፣ የባንኮ ጎቲቲን ቡና እየጫነ መመላለስ ያዘ። ሲደክመው ግን እዚያው ጓሮ፣ የእናቱ እንሰት ሥር ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ጫፍ ሲጭር አየው ነበር።

ካቻምና ክረምት መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያን ሰሞን እናቱ ጥሩነሽ አገሯ ቡሌ ነበረች፤ እናቷን ልታስታምም ሄዳ። ቡሌ የጌዴኦ ደጋ ነው፤ መንገዱ በበጋ እንኳ በቅሎ ያማርራል፣ በክረምትማ የሚያውቀው እግር ብቻ ነው። ሰው ላክንባት። በወጋችን ለእናት ሞት በመንገድ አይነገርም፤ «ልጅሽ ትንሽ አሞታል» ነው የሚባል። እሷም ትንሽ ላመመው ልጅ በቅል ማር ይዛ፣ ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጠች መጣች። እኛ ግን «በክረምት አስከሬን አይቆይም» ብለው ቄሱም እድሩም ስለቆረጡ ቀብረነው ነበር። ደጃፍ ደርሳ ድንኳኑን አየች። የተላጨ ራሴን አየች።

«የት ነው?» አለች።

ቅሏን መሬት አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ሊያስጀምሯት ቢሉ ዝም። በማግስቱ «መቃብሩን እናሳይሽ» ሲሏት፣ «አፈር ልታሳዩኝ? አፈር ቡሌም ሞልቷል» አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል እየቆጠበች መናገር ያዘች። «ብላ።» «በሩን ዝጋ።» «ዘነበ።» ይኸው ነው። ቀሚሷ ይሰፋት ጀመር። ሴቶቹ ወደ ጥግ ወስደውኝ፣ «እንባዋ ወደ ውስጥ ፈሷል። ካልወጣላት እሷንም ትቀብራታለህ» አሉኝ።

እኔ ምን ላድርግ? እንባ በመጋዝ አይወጣ። የራሴም ጤና አልነበረኝም። ከሰው ሁሉ ተጣላሁ። ከጎረቤት ተጣላሁ፣ ከቄሱ ተጣላሁ፣ ሰው ሲያልቅብኝ ከዶሮ ተጣላሁ። ዶሮ ደግሞ መልስ ስለማትሰጥ ጠቡ አይጥምም።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ለለቅሶው ጊዜ የጉድጓዱ ቆጮ ስላለቀ ሴቶቹ የዚያን ቦታ እንሰት ነቅለው ፍቀውታል። በጌዴኦ እንሰት የሴት ነው፤ ወንድ የሚያዝበት ነገር አይደለም። የቡሌ ሴት ደግሞ ባዶ መሬት አይታ አታልፍም፣ በነቀለችበት ትተክላለች። ጥሩነሽ ግን በዚያ ቦታ ላይ ቡቃያ ሳትተክል ክረምቱ አለፈ። ባዶውን በየማለዳው አያለሁ። አንድ ቀን ተነስቼ አህያ ተከራየሁና ከወንዝ ጠጠር ማጋዝ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመጣው ወዳጄ አቶ በራሶ ነው። የጌዴኦ ሽማግሌ ነው፤ ጴንጤ ነው፣ እኔ ደግሞ ማርያምን ካላልኩ አላድርም፤ በዚህ ሰላሳ ዓመት እየተሟገትን ተዋደናል። አጥሩ ላይ ተደግፎ አየኝ።

«ድንጋይ ከእርሻ ይለቀማል እንጂ ወደ እርሻ ይጋዛል እንዴ?»

«ጓሮዬ ነው።»

«ጓሮህስ ጓሮህ ነው። እኛ እንሰት ስንነቅል እንሰት እንተክላለን። አንተ ጠጠሩ ይፈላልኛል ብለህ ነው?»

«የጃፓን ጓሮ ነው» አልኩት።

«ጃፓን አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጃፓንስ አንተን አይታህ ታውቃለች?»

እውነቱን ነው፤ ከሞተ ልጅ አፍ በሰማሁት ብቻ ያላየሁትን አገር ጓሮ ልሠራ መነሳቴ የደህና ሰው ሥራ አልነበረም። ግን አንዴ ከጀመርኩ አልመለስም። እናቴ «ይህን ልጅ ከመምከር አህያ መምከር ይሻላል፣ አህያዋ ቢያንስ ትደክማለች» ትለኝ ነበር።

ከጥድ እንጨት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ጠርቤ ሠራሁ፤ ለሰው ፀጉር ሳይሆን ለመሬት። የመጀመሪያ ቀን ይዤው ገባሁና መሳብ ጀመርኩ። ክርርር ይላል። ወዲያ ሄዶ ወዲህ ሲመለስ ክንዴ የድሮ መጋዙን ምት አገኘው። አንዱ መስመር ሲጣመም አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እስባለሁ። ቀና ስል ፀሐይ አናቴ ላይ ናት። ለካስ ከማለዳ ጀምሮ ያን ገደል አላየሁትም። ከተቀበረ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍንም ስገልጥም የማየው ገደሉን ነበር። ያን ለታ ምሳዬን በልቼ ተኛሁ። ተኝቼ ስነቃ ደነገጥኩ፤ ለካ እንቅልፍ እንዲህ ነበር።

ግን ሰላም የሚባል ነገር አጥር ይፈልጋል። ጠጠሩን ዶሮዎች አገኙት። ዶሮ ደቃቅ ነገር ካየች ገላዋን ሳትታጠብ አታልፍም፤ መስመሬ መሀል ጎድጓዳ አልጋ ሠርተው ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ከዶሮዎቹ የባሰችው ግን ወይዘሮ ዘነበች ናት፣ የአጥር ጎረቤታችን። አንድ ጠዋት ብወጣ ጠጠሬ ቀልቷል፤ ዳር እስከ ዳር እሸት ቡና ተሰጥቶበታል። እሷ ዳር ቆማ በእጇ ትበትናለች።

«ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ! ለጎረቤት የቡና ማስጫ ያሰናዳ ሰው እርስዎን አየሁ።»

«ማስጫ አይደለም!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሚታይ ነው።»

«ምኑ?»

«ጠጠሩ።»

ወይዘሮ ዘነበች ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ከልቧ ነው ያየችው። ቀና ብላ፣ «አየሁት ጋሼ» አለችኝ። «አሁን ቡናዬን ልገልብጥ?»

ምን ትላታላችሁ? እስኪደርቅላት ጠበቅሁ። የተረፈው ፍሬ በጠጠሩ ውስጥ ገብቶ በኋላ አበቀለ። የጃፓን ሰዎች ጓሯቸው ውስጥ የይርጋ ጨፌ ቡና ይብቀልባቸው አይብቀልባቸው እንጃ፤ የኔ በቅሎበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥሩነሽ የጓሮውን በር ደገፍ ብላ ታየኛለች። ምን ሠራህ አትልም። ለምን በእንሰቴ ቦታ አትልም። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን አንድ ግንድ እንሰት ያለፈቃዷ ብነካ ለአባቷ ወገን ሁሉ ልካብኝ በሽማግሌ ታስጠይቀኝ ነበር። ያን ዝምታዋን ስሰማ በሆዴ «እባክሽ ስደቢኝ» እላለሁ። ስድቡ እንዲህ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቀረው መሀሉ ላይ የሚቆመው ድንጋይ ነበር። ታደሰ እንዳለው፣ ሽበት ያለው። አቶ በራሶ በኮረብታው ላይ ማሳ አለው፤ ወሰደኝ። መንገዳችን ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ የድሮ ድንጋዮች አሉ፣ የሰው ቁመት ያላቸው። ወደ አንዱ እጄን ስዘረጋ በከዘራው መታኝ።

«ቆሞ ያገኘኸውን ድንጋይ አትንካ። የአባቶች መቃብር ነው። የተኛ ፈልግ።»

ከማሳው ዳር የተኛ አገኘን። ረጅም ነው፣ አንድ ወገኑ በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍኗል፣ ስትዳብሱት እንደ ሕፃን ራስ ይለሰልሳል። እሱን ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እንዴት ይጓዝ? በአህያ ቢጫን ሽበቱ በገመድ ይፋቃል። ቢንከባለል አለቀለት። ሳስብ ሳስብ አንድ ነገር ታየኝ፤ የእድራችን ቃሬዛ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእድር ቃሬዛ ከተቀመጠበት ግምጃ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሽበቱ ብቻ ነው። ዕቃ ጠባቂው አልነበረም፤ ሚስቱ «ቃሬዛውን» ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ምንም ሳትጠይቅ አወጣችልኝ። ደግ ሴት ናት አልኩ። ከቤቴ ደግሞ ሽበቱን የሚሸፍን ጨርቅ ብዬ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጋቢ አንስቼ ሄድኩ። የማን እንደሆነ አላየሁም።

አራት ጎረምሶች ተሸከሙልን። ድንጋዩን በጋቢው ከዳር እስከ ዳር ጠቅልለን፣ በገመድ ወገቡ ላይ አስረን ወረድን። የገበያ ቀን ነበር። በራሶ፣ «ከፊት ሁንና አህያዎቹን ከመንገድ አስለቅቅ» አለኝ። እኔም ከዘራዬን ይዤ ከፊት ሆንኩ፤ ኋላዬን አላየሁም። ሽማግሌ በገበያ መሀል ኋላውን ካየ ፊቱን አህያ ይመታዋል።

በአገራችን ሬሳ ሲያልፍ «ማነው?» ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ይሸኛል፤ ጥያቄው ኋላ ነው። ጨው ሻጩ ጨውን ሸፈነ። ቆጮ ሻጮቹ ተነሱ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ነጠላ ያላት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። የሰማሁት ከኋላዬ ለቅሶ ሲነሳ ነው። የሰው ሐዘን ልቤን ነካው። ዞር ሳልል ለተሸካሚዎቹ፣ «ልጆች፣ ቀብር እየመጣ ነው። ነውር ነው፣ ዘወር በሉ እናሳልፋቸው!» አልኳቸው።

ዘወር አሉ። ሕዝቡም አብሮን ዘወር አለ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሬሳው እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አያልፍም። ለቅሶው ግን አጠገቤ ነው። አጠገቤ ያለውን ሰው፣ «ወንድሜ፣ ማነው የሞተው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ አባባ» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «ከፊት የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ያን ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። በራሶ አንገቱን በኮቱ ውስጥ ቀብሯል። «ጌታ ሆይ» ይላል፣ «ይህን ሽማግሌ ለምን ወዳጄ አደረግህብኝ።»

«ድንጋይ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የሰማ የለም። የሰሙትም ሐዘን ነው ያስቀባጠረው ብለው ክንድና ክንዴን ይዘው ደገፉኝ። እንዲያ ደግፈው እየወሰዱኝ ሳለ ከሰፈራችን በኩል የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ለካስ የዕቃ ጠባቂው ሚስት ነግራው ጡሩምባ ነፊው ሲዞር ውሏል። ቃሬዛውን የወሰድኩ እኔ፤ በቤቴ ያለነው እኔና ጥሩነሽ፤ እኔ በእግሬ ሄጃለሁ። እንግዲህ የሞተችው ማን ናት? ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልፈርድበትም።

ደጄ ስንደርስ ድንኳን እየተተከለ ነው። የእድሩ ዳኛ ጥቁር ካባውን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበች «ወይኔ ጥሩዬ! ሳልሰናበትሽ!» እያለች ፊቷን ትነጫለች። በዚህ መሀል የቤቱ በር ተከፈተና ጥሩነሽ ወጣች።

ወይዘሮ ዘነበች ጩኸቷን ከመሀሉ ቆርጣ ቁጭ አለች። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ከኋላው ደበቀ። ጥሩነሽ ድንኳኑን አየች። ሕዝቡን አየች። በመጨረሻ ቃሬዛውን አየች፣ ጋቢውንም። ምስማር ላይ የነበረው የታደሰ ጋቢ ነበር።

«አውርዱት» አለች።

ልጆቹ አወረዱ። ተራምጄ «ጥሩዬ፣ ድንጋይ ነው፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ልላት ስል አልሰማችኝም። ተንበርክካ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ድንጋዩን አየች። በደንብ አየችው፤ አልተሳሳተችም፤ ይህን ስነግራችሁ ማንም አበደች እንዳይላት ነው። መልሳ ሸፈነችው። ጫፉን እንደ ልጅ ብርድ ልብስ ከሥሩ አስገባችለት። ከዚያ ላዩ ላይ ወደቀች።

እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። በጌዴኦ ቋንቋ ነው ያለቀሰችው፤ በአማርኛ አንድም ቃል አልወጣትም። ስሙን ትጠራለች፣ ማሩን ትጠራለች፣ ጭቃውን ትጠራለች። «ትንሽ አሞታል አላችሁኝ» የምትለው ግን ሁላችንንም ገባን።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። «ጎበዝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መተዳደሪያችን... ድንጋይ እኮ የእድር አባል አይደለም። ሕዝቡን እንበትን?»

በራሶ ክንዱን ያዘው። «ዝም በል» አለው። «ይቺ ሴት ከቡሌ የደረሰችው ዛሬ ነው።»

ዳኛው በራሶን አየው፤ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ ሁሉም ተቀመጠ። ጨው ሻጩም፣ ስሙን የማላውቀው ያ የደገፈኝ ሰውዬም። ሴቶቹ ገቡበት፤ ወይዘሮ ዘነበች ያቋረጠችውን ጩኸት ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም አለቀስኩ። የመጀመሪያውን ለቅሶ እንግዳ ስቀበል፣ መቃብር ሳስቆፍር አላለቀስኩትም ነበር።

ወደ ማታ ላይ ጥሩነሽ ራሷ ተነሳች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ልጆቹን ወደ ጓሮ መራቻቸው። ድንጋዩን መሀሉ ላይ አቆሙት።

«ወደ ቡሌ መንገድ አዙሩት» አለች።

ዳኛው ግራ ተጋባ። «እመቤቴ፣ ድንጋይ እኮ ነው፣ ፊቱ የቱ ነው?»

እሷ አላመነታችም። ሽበት ያለበትን ወገን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይሄ። ስመጣ ይየኝ።»

አዞሩት።

የእድሩ ጉባኤ በኋላ ቃሬዛውን ያለ አስከሬን በማውጣቴ ገሠጸኝ። ተገሠጽኩ። ከተማው እስካሁን ይስቅብኛል፤ ጎረምሳው ሁሉ ገበያ ላይ ሲያየኝ ባርኔጣውን እያወለቀ ያሾፍብኛል። ይሳቁ። ጥሩነሽ በማግስቱ ገንፎ በላች። በሳምንቱ ከኔ ጋር መቃብሩ ሄዳ ሳሩን ነቀለች። ሐዘኑ አልሄደም፤ ሄደ የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ግን አሁን የሚቀመጥበት ቦታ አግኝቷል፤ መኝታችን ላይ አይወጣም።

ችግሩ ማበጠሪያው ላይ ነው። እኔ ሰንጣቂ ነኝ፣ መስመሬ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ ነው። እሷ ደግሞ በድንጋዩ ዙሪያ እያዞረች ነው የምታበጥር። «የጃፓኑ እንዲህ አይደለም» እላታለሁ። «ጃፓን እንሰት ይተክላል?» ትለኛለች። ተጣላን፣ በሽማግሌ ታየን፤ በራሶ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ ብሎ ፈረደ።

ትናንት ዝናብ ጥሎ መስመሩን ሁሉ አጥፍቶት አደረ። ጠዋት ማበጠሪያውን ይዤ ስወጣ ጥሩነሽ ከኋላዬ መጥታ ከእጄ ወሰደችው።

«ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለች።

የኔ ነበር። ዘወር አልኩላት።